ከመጋዘኑ ግድግዳ የጎደለችው

በቆቃ ሐይቅ ዳር፣ ጀልባዎች በሚያርፉበት ቦታ ያለው የዓሣ መጋዘን ሥራ ካቆመ በኋላ በሩ ተቆልፎ ብዙ ዘመን ኖረ። ዘንድሮ የአካባቢው ወጣቶች ጠርገው፣ ጣራውን ቀይረው የትርኢት አዳራሽ አደረጉት። ግድግዳውንም ሠዓሊው ኢፋ ከአዳማ መጥቶ በሥዕል ያለብሰው ጀመር።

ኢፋ ለዋናው ግድግዳ የመረጠው በዚያው መጋዘን አብረው ዓሣ ሲበልቱ የነበሩትን ሦስት ሴቶች፣ ቀመሪያን፣ ኤቢሴንና የሺዓለምን ነበር። የሺዓለም ከሥራው የወጣችው ቀድማ ነው፤ ባሏ አቶ አብተው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሲሆኑ “ለስሜ አይመጥንም” ስላሏት ቢላዋዋን አስቀምጣ ቤቷ ገባች። እንድትሳል ስትጠየቅ ታዲያ እንደ ሙሽራ ደስ አላት። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

ምረቃው ሲቃረብ አቶ አብተው ብቻቸውን ሄደው ሥዕሉን አዩ። ሚስታቸው እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ደም የነካው የላስቲክ ሽርጥ አገልድማ፣ ክንዷ ላይ የቆሮሶ ዓሣ ቅርፊት ተለጥፎባት፣ ቀመሪያ በተናገረችው ነገር ጥርሷ እስኪቆጠር ትስቃለች። በአርባ ዓመት ትዳር እንዲህ ስትስቅ ማየታቸውን አላስታወሱም። ከደሙና ከዓሣው ሆድ ዕቃ ይልቅ ያስቆጣቸው ይህ ነበር፤ ለራሳቸው ግን ደሙ ነው አሉ።

“ኢፋ፣” አሉ፤ ተማሪያቸው ነበር። “ይህችን አጥፋት።”

“የቷን፣ ቲቸር?”

“ባለቤቴን።”

“እንዴ! እማማ የሺ እኮ ምረቃው መቼ ደርሶ እያሉ ነው። እሳቸው ያውቃሉ?”

“ታውቃለች። የላከችኝ ራሷ ናት።”

ሲዋሽ የተገኘን ተማሪ በሰልፍ ፊት ያቆሙ የነበሩት ሰው ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። የሚስታቸውን ክብር የጠበቁ መስሏቸው ነበር። ባለቤቱን ሳይጠይቁ የሚጠብቁት ክብር ግን ከዝርፊያ ብዙ አይርቅም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲሉ ምረቃው ደረሰ።

የሺዓለም ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቀመሪያንና ኤቢሴን ግራና ቀኝ ይዛ ገባች። ግድግዳው ላይ ሁለቱ ሴቶች አሉ። በሦስተኛዋ ቦታ የሐይቁ ውኃ ተቀብቷል፤ ኤቢሴ ዓሣ የምታቀብለው ለውኃው ሆኗል።

“የሺ፣ አንቺ የታለሽ?” አለች ኤቢሴ።

“ያን ሁሉ አምባዛ ለኛ ጥላ ሄዳ ነዋ!” ቀመሪያ ሳቀች። “ድሮም ሥራ ሲበዛ ወገቤን ትል ነበር።”

“ያንቺ አፍንጫ ግድግዳውን ጨርሶት ነው እንጂ!” የሺዓለምም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን በሌሎቹ ግድግዳዎች ላይ ራሷን ይፈልግ ነበር።

ኢፋ ቀረብ አለ። “እማማ የሺ፣ ቅር ብሎኛል። ግን እርስዎ አልፈልግም ካሉ ምን አደርጋለሁ? ቲቸር ሲነግሩኝ አጠፋሁት።”

የሺዓለም ወደ ባሏ ዞረች። አቶ አብተው የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው በቅርብ ቆመው ነበር። ሁሉንም ሰምተዋል። “እኔ ነኝ” ማለት ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ወደ አንዱ ተማሪ ዞረው እጁን ጨበጡ።

“አዎ፣” አለች የሺዓለም፣ ዓይኗን ከእሳቸው ሳትነቅል። “እኔ ነኝ አጥፋልኝ ያልኩት።”

ባሏን በአደባባይ ውሸታም ከማሰኘት ገበናቸውን መሸፈን መረጠች፤ ያደገችው እንዲህ ነው።

ቀመሪያ ክንዷን አላቀቀች። “በኛ አፍረሽ ነው በይኛ! የዳይሬክተር ሚስት ቢላዋ ከያዙ ሴቶች ጋር አትታይም?”

ቀመሪያና ኤቢሴ ተያይዘው ወጡ።

ባልና ሚስቱ ቤት ሲደርሱ የሺዓለም የተናገረችው ይህን ብቻ ነው፦ “ሥዕሉስ ይቅር ነበር። ቤት ካስቀመጥከኝ ወዲህ የሚጠይቁኝ እነሱ ነበሩ። እነሱንም ወሰድክብኝ።”

ከዚያ ወዲያ እውነትም ማንም በሯን አላንኳኳም። ፋሲካ አለፈ፣ ኢድ አለፈ፤ አንዷ ለሌላዋ እንኳን አደረሰሽ ሳትል ቀረች። አቶ አብተው አልቻሉም። አንድ ቀን ቀመሪያ ቤት ሄዱ። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው።

“ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ቀመሪያ፣” አሉ ሳይቀመጡ። “የሺ ምንም አላለችም። ዋሽቼ ያስጠፋሁት እኔ ነኝ።”

“እርስዎ? ዋሽተው?” ቀመሪያ ፈገግ አለች። “ልጆቼን በሙሉ ውሸት ነውር ነው ብለው ያሳደጉልኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?”

“እግዜር ምስክሬ ነው!”

“ተዉ ጋሼ! ለሚስት ተብሎ በፈጣሪ ስም አይማልም። እሷው ባፏ እኔ ነኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።”

“የእኔን ነውር ልትሸፍን ነው እንዲያ ያለችው።”

“እርስዎም ይኸው የሷን ሊሸፍኑ መጡ።” ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። “እንዲህ ያለ ባል እያላት በኛ ማፈሯ! አልታደለችም።”

እስከ ግቢው በር ሸኝታ፣ “አላህ ያክብርዎት” ስትል መረቀቻቸው። አቶ አብተው አንገታቸውን ደፉ። ቀመሪያም ትሕትናቸውን አደነቀች።