ወርቅ ፍለጋ በእናት ቤት

«ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ይውጣ» አለ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ የመጣው ሰውዬ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እያንጠለጠለ። «አልጋው፣ ምድጃው፣ ያ የስፌት መኪናም። እነሱ እዚህ እያሉ የኔ ዕቃ ዝም ብሎ ይጮኻል እንጂ ወርቅ አይፈልግም።»

ወንድምየው እጅጌውን ሰብስቦ የስፌት መኪናውን እየጎተተ ግቢ አወጣው። ዕድሜ ልኩን በእናቱ ቤት አንድ ወንበር አንስቶ የማያውቅ ሰው፣ ወርቅ ሲባል ጉልበት ከየት እንዳመጣ እንጃ። እህቱ ቁልፌ በሩን ተደግፋ ታየዋለች።

ቁልፌ ያለቻት እናቷ ናት። እናትየው ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ልጅቷ ከእግሯ ሥር ቁጭ ብላ የሸሚዝ ቁልፍ ስታቀብላት ስላደገች ስሙ በዚያው ጸና። አሁን እናትየው ነገር ትረሳለች። የምታጥባት፣ የምታበላት፣ ስትቃዥ የምታባብላት ቁልፌ ናት። ታዲያ ከጥቂት ወራት በፊት የእናትየው ሁለት የወርቅ አምባሮች ጠፉ። የት እንዳኖረቻቸው ስትጠየቅ «የቱ አምባር?» ትላለች። ወንድምየው ደግሞ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «እሷ በልታዋለች» ብሎ አዳርሷል። ባለፈው እሁድ አክስታቸው ቁልፌን መንገድ ላይ እንዳላየ ሰው ሆና ያለፈቻት ለዚህ ነው። ቁልፌ ይህን ፍተሻ እሺ ያለችውም ስሜን ያጠራልኛል ብላ ነው።

«መጀመሪያ የሷን ክፍል» አለ ወንድምየው።

«ለምን የኔን?»

«ንጹሕ ከሆንሽ ምን አስፈራሽ?»

ባለመሣሪያው መሬት መሬቱን እያየ ገባ። ፍራሿን ፈተሸ፤ ቁም ሳጥኗን ፈተሸ። መሣሪያው ከውስጥ ልብሷ መሃል ሲጮኽ ወንድምየው ተንደርድሮ መጣ። የጡት መያዣ መንጠቆ ነበር። ወንድሟ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አገላብጦ አየውና መልሶ ወረወረው።

«እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረብህም» አለች ቁልፌ።

ወንድሟ ወደ ሳሎን ሮጠ። መሣሪያው ሳሎን ግድግዳ ላይ መጮኽ ጀምሮ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ቧንቧም ሊሆን ይችላል» አለ ባለመሣሪያው።

«ወርቅም ሊሆን ይችላል» አለ ወንድምየው፤ መዶሻ አነሳ።

ልስኑ ረገፈ። ሚስማር ወጣ። ትንሽ ራቅ ብሎ እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ተቆፈረ፤ ቧንቧ ሆነ። ቁልፌ በየዓመቱ ከደሞዟ እየቆጠበች በገዛ እጇ የምትቀባው ግድግዳ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መሰለ። እናትየው ከጥግ ወንበሯ ላይ ሆና ግቢ ግቢውን ታያለች።

«መኪናዬን አስገቡልኝ» አለች። «ፀሐይ ላይ ነው።»

«እሺ እማዬ» አለ ልጇ፣ ዞር ሳይል።

ደጋግማ አለች። ሰሚ አላገኘችም። ቁልፌም ብትሆን በዚያ ሰዓት የምትሰማው የመዶሻውን ድምፅ ብቻ ነበር።

ባለመሣሪያው ጥጉን ለመጨረስ በእናትየው አጠገብ ሲያልፍ መሣሪያው አምባረቀ። መለስ ብሎ ሞከረ። ቀኝ ዳሌዋ ላይ ሲደርስ አሁንም አምባረቀ።

«ቀሚሷ ውስጥ ሰፍታዋለች!» አለ ወንድምየው። «ልብስ ሰፊ አይደለች? እንዴት እስካሁን አልመጣልኝም?» ተንበርክኮ የእናቱን ቀሚስ ይዳብስ ጀመር።

እናትየው እጁን መታችው። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ልትወስድብኝ ነው?»

ቁልፌ ኮሌታውን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው።

«ዳሌዋ ውስጥ ያለው ብረት ነው» አለች። «ወድቃ የተሰበረች ጊዜ ሐኪሞቹ ያስገቡላት። ደውዬልህ አልነበረም? ስብሰባ ላይ ነኝ ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው።»

«ብረት ገባላት አላልሽኝም።»

«መቼ ጠየቅከኝ? እናትህን ደግፎ ያቆማት አጥንት ይሁን ብረት አታውቅም። ወርቋን ግን በግራም ታውቀዋለህ።»

ባለመሣሪያው ዕቃውን አጠፋ። «ቤቱን ጨርሻለሁ፣ ጋሼ። ወርቅ የለም።»

ወንድምየው ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ አራገፈ። «የለም ማለት ተበልቷል ማለት ነው። ይኸው በመሣሪያ ተረጋገጠ። ለአክስቴም እንዲሁ ነው የምነግራት።» በሩን ወርውሮት ወጣ። ባለመሣሪያውም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተከተለው።

ቁልፌ ፍርስራሹ መሃል ቆማ አለቀሰች። የተናደደ ሰው ለቅሶ ነው፤ ቶሎ አለቀ። ከዚያ ግቢ ወጥታ የስፌት መኪናውን እየጎተተች አስገባችና የድሮ ቦታው አቆመችው።

እናትየው ወንበሯን ይዛ ተነሣች። «ዘይት ያስፈልገዋል» አለችና፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንደምታደርገው፣ የመኪናውን ራስ ወደ ኋላ አጋደመችው። ከሥሩ፣ ብረቱ ሆድ ውስጥ፣ በገበር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተወትፏል። ጨርቁን ፈታችው። ሁለቱ አምባሮች ነበሩ።

ቁልፌ ሳቅ አመለጣት። መሣሪያው እንዳያገኘው ወርቁን ሳያውቅ ጎትቶ ግቢ ያወጣው ራሱ ወንድሟ ነው።

እናትየው ግን ግራ ቀኝ አይታ ጠጋ አለቻት። «ይሄ የቁልፌ ነው። ስትመጣ ስጪልኝ። ለዚያ ግድግዳ ለሚያፈርሰው ሰውዬ እንዳትነግሪው፣ አደራ።»

ቁልፌ የእናቷን ፊት አየች። እናትየው አላወቀቻትም።

«እሺ እማዬ» አለች። «ስትመጣ እሰጣታለሁ።»

አምባሮቹን እጇ ላይ ይዛ ትንሽ ቆየች። ብትደብቃቸው ወንድሟ ያላትን ሆነች ማለት ነው። ብታስረክበው ደግሞ እየሳቀ ይወስዳል፤ ለግድግዳውም፣ ለስሟም ይቅርታ አይወጣውም። የእናቷን እጆች ሳብ አድርጋ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አጠለቀችላት። እጆቿ ቀጥነዋልና አምባሮቹ እስከ ክርኗ ገቡ። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«ምን ቀረ ደግሞ?» አለ ወንድምየው።

«ሲሚንቶና አሸዋ ይዘህ ና።»

«ለምን?»

«ያፈረስከውን ልትለስን። አክስቴንም ይዘሃት ና። ልስኑን ስትጨርስ ሁለታችሁም እማዬን እጇን ይዛችሁ ሰላም ትሏታላችሁ።»

የወንድምየው ድምፅ ተለወጠ፤ ማር ሆነ። «ቁልፌ፣ እህቴ፣ ተገኘ እንዴ?»

ጆሮው ላይ ዘጋችው።