ከትራክተሩ ፎቶ ሥር

«መጥቻለሁ አልኩህ እኮ! መስኮቱ ጋ፣ ከትራክተሩ ፎቶ ሥር ነኝ» አለች ቬርና፣ ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጣብቃ።

«እኔስ የት ያለሁ መሰለሽ? ከትራክተሩ ሥር ነኝ። ካልመጣሽ አልመጣሁም በይ፤ ምን ያስዋሽሻል?» አለ ወንድሟ ዴልመር።

የቬርና ደም ፈላ። በአባታቸው እርሻ ሽያጭ ተጣልተው ከተኳረፉ ሰባት ዓመት ሊሞላቸው ነው። «እሱ ካልመጣ እኔ ወደ እሱ አልሄድም» ብላ ምላ ነበር። ትናንት ግን ራሱ ደውሎ «ነገ ለሥራ በኢንዲያና ሳልፍ አውራ ጎዳናው ዳር ካለው ቁርስ ቤት እንገናኝ» ሲላት፣ ከደስታዋ ብዛት እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረ። ይኸው አሁን ዓይኑን በጨው አጥቦ ይዋሻታል።

«እሺ፣ በመስኮቱ ምን ይታይሃል?»

«ነዳጅ ማደያ። ከጎኑ መድኃኒት ቤት። ቀጥሎ ፍራሽ መሸጫ።»

አንገቷን አሰገገች። ማደያው አለ፤ መድኃኒት ቤቱም፣ ፍራሽ መሸጫውም አሉ። የሌለው ዴልመር ብቻ ነው። ንዴቷ ተነነና ነገሩ ይገርማት ጀመር። ተወልዳ ባደገችበት ከተማ ተቀምጣ፣ «እዚህ ነኝ» የሚያሰኝ አንድ ነገር ብትፈልግ ዓይኗ የሚያርፍበት አጣ።

«ማሬ፣ ቡና ልጨምርልሽ?» አለች አስተናጋጇ።

«ይሄ ፎቶ የማን እርሻ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ከዋናው መሥሪያ ቤት በካርቶን ነው የሚላክልን። ከአውራ ጎዳናው ቀጣዩ መውጫ ላይ ያለው ቅርንጫፋችንም ይሄንኑ ነው የሰቀለው፤ በዙሪያው ያሉት ሱቆችም ያው ናቸው። ስንቱ ሰው ተሳስቶ እዚህ ይመጣል መሰለሽ!»

«ዴልመር፣ በየትኛው መውጫ ነው የወጣኸው?»

ዴልመር ነገሩ ገባውና እንደ ድሮው ከሆዱ ሳቀ።

«ጉድ እኮ ነው! ሁለቱንም የሠራኋቸው እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ከዚህ እስከ ኔብራስካ ይሄንኑ ቁርስ ቤት ስገጣጥም ነው የኖርኩት። ፕላኑ አንድ፣ መስኮቱ አንድ። የቱን የት እንደሠራሁ ማን ያስታውሳል? አለቆቻችን ‹መንገደኛ ግራ እንዳይገባው ነው› ይሉን ነበር።»

«ተሳክቶላችኋል!» አለችና እሷም ሳቋ አመለጣት። አብረው ከሳቁ ስንት ጊዜያቸው!

«በይ መጣሁ፣ የመኪናዬን ቁልፍ ይዣለሁ» አለ።

«እኔም ተነስቻለሁ... ቆይ፣ ቆይ! ሁለታችንም ከተነሳን እኮ መንገድ ላይ ተላልፈን፣ አንተ እዚህ እኔ እዚያ ሆነን እንደገና ልንጨቃጨቅ ነው።»

«እውነትሽን ነው። ታዲያ ማን ይሂድ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ሳይታረቁ የኖሩት በዚሁ ጥያቄ ነበር። ቬርና መሐላዋ ትዝ አላት፤ አፈረችበትም። ያልጠጣችውን ቡና ገፋ አድርጋ ጃኬቷን አነሳች።

«አንተ ንቅንቅ እንዳትል» አለችው። «እኔ እመጣለሁ።»