የሚጠይቅ ችካል

አቶ ኅሩይ በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አትክልት መደባቸው ሲደርሱ፣ ከአጥሩ ማዶ ባለው ባዶ መሬት ላይ ትናንት ያልነበሩ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ቆመው አዩ። ዘንጎቹ ቁመታቸው የአምስት ፎቅ ያህል ነው፤ በሽቦ ተወጥረው ማዕዘን ይዘዋል። ሌላ ሰው ቢሆን የባንዲራ ምሰሶ መስሎት ባለፈ ነበር። እሳቸው ግን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በቀያሽነት ስለ ሠሩ፣ መሬት ላይ የተተከለ ነገር ምን እንደሚል ለማወቅ አስተርጓሚ አላሻቸውም። ቁመቱ ይርዘም እንጂ ችካል ነው።

በእሳቸው ዘመን ደግሞ ችካል የነገር መጀመሪያ አልነበረም፤ መጨረሻው ነበር። ውሳኔው በሩቅ ቢሮ ተቆርጦ፣ የፊርማው ቀለም ደርቆ፣ ከሁሉ በኋላ ቀያሹ መዶሻውን ይዞ ይመጣል። አንዲት እናት ከደጃቸው ወጥተው «ልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ አቶ ኅሩይ «እኔ የታዘዝሁትን ነው» ብለው የመለሱትን መልስ፣ ሰባ አንድ ዓመት ሲሞላቸውም አልረሱትም።

በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ኦፕፊኮን የመጡት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት በጄኔቭ ዳርቻ፣ በቶኔ ኖረዋል። ባለቤታቸው ሲያርፉ፣ ኦርሊኮን የምትሠራው ልጃቸው ኤዶም «አባዬ፣ ብቻህን አትሆንም» ብላ ወደ ዙሪክ አመጣቻቸው። መጀመሪያ ኦፕፊኮንን ንቀዋት ነበር። በአውሮፕላን ማረፊያ ሥር የተጋደመች፣ ሆቴልና ቢሮ የበዛባት፣ ለመተኛት እንጂ ለመኖር ያልተሠራች መስላቸው ነበርና። ውሎ አድሮ ግን ዓይናቸው ተከፈተ። ገበሬ ያርሰው በነበረ መስክ ላይ አዲስ ሰፈር ተነሥቶ፣ ሰው በቆፈረው ሐይቅ ዳር የመቶ አገር ልጆች አብረው ሲንቦጫረቁ አዩ። የማይተዋወቁ ሰዎች በመንገድ «ግሩዌጺ» እያሉ ሰላም ሲባባሉ፣ ቆሻሻ የሚወጣበት ቀን እንደ በዓል በቀን መቁጠሪያ ታትሞ ለየቤቱ ሲታደል አዩ። ከሁሉ ይልቅ ልባቸውን የወሰደችው ግን ይህች አሥራ አራት መደብ ያላት የማኅበር አትክልት ቦታ ናት። በውስጧ የፖርቱጋሉ ከኮሶቮው፣ የስሪላንካው ከአበሻው ጋር ዘር ይለዋወጣል፤ ከመጡ ወዲህ ሰው ያገኙት በእርሷ ነው።

«ትርፌ፣ ነይ እስቲ!» ሲሉ የመደብ ጎረቤታቸውን ተጣሩ። ትርፍነሽ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል መኝታ ክፍል የምታሰናዳ፣ ዕድሜዋ ወደ አምሳ የተጠጋ ሴት ናት።

«ምነው ጋሼ፣ እባብ አዩ እንዴ?»

«ከእባብም የከፋ። ችካል ተክለውብናል። አልቆልናል።»

«የኛን መች ነኩት? ከአጥሩ ወዲያ እኮ ነው።»

«ዛሬ ከአጥሩ ወዲያ፣ ነገ ከአጥሩ ወዲህ። ይህን ለእኔ ተይው። ዶዘር ሳይቀድምሽ ነቅለሽ ውሰጂ።»

«እርስዎ ካሉማ» አለችና ቆስጣዋን መንቀል ጀመረች። እሳቸውም ሦስት ዓመት ያሳደጉትን ጤና አዳም ከነሥሩ አወጡት።

በዚህ መካከል የማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይዘሮ ኬለር፣ በአገሩ አጠራር ፍራው ኬለር፣ መጡ። ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር ናቸው፤ ድምፃቸውም እንደ ትራም ደወል ነው።

«ሄር ኅሩይ! ተክሉ ምን በደለዎት?»

አቶ ኅሩይ በተሰባበረ ጀርመንኛ ነገሩን አስረዱ። ሴትዮዋ ሰምተው ሲያበቁ በእጅ ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳቁ።

«አለቀ ያለዎት ማን ነው? ሊሠራ የታሰበው ቤት ገና አልተፈቀደም። ዘንጎቹ ጥያቄ ናቸው። ‹እዚህ ላይ፣ ይህን ያህል ከፍ አድርጌ ልሠራ ነው፤ ምን ትላላችሁ?› ነው የሚሉት። ፕላኑ ማዘጋጃ ቤት ተዘርግቷል፤ አስተያየት ለመስጠት ሃያ ቀን አለዎት።»

አቶ ኅሩይ ጤና አዳሙን እንደ ያዙ ቆሙ። «ችካል ይጠይቃል?» አሉ በአማርኛ፣ ለራሳቸው።

«የእርስዎ ዘመን ችካል ዲዳ ነበር ማለት ነው» አለች ትርፍነሽ፤ ቆስጣዋን መልሳ ለመትከልም ጎንበስ አለች።

ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ጸሐፊው ማንነታቸውን ሳይጠይቅ ፕላኑን ዘረጋላቸው፤ ወንበርና ማስመሪያም አመጣላቸው። ከሠላሳ ከሚበልጥ ዓመት በኋላ እጃቸው ወደ ጥንት ሥራዋ ተመለሰች። ቤቱ ከአትክልቱ በስተ ምዕራብ ይሠራል። የላይኛው ፎቅ በሰሜን ግማሹ ላይ ብቻ ተቀምጧል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጥላው የት እንደሚወድቅ በየወሩ አሰሉ። በሰኔ እምብዛም አይጎዳም፤ በመስከረም ግን ያ አንድ ፎቅ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ ዘጠኝ መደቦችን ያጨልማል። የትርፍነሽም ከዘጠኙ አንዱ ነው።

ፎቁ ወደ ደቡብ ግማሽ ቢዛወርስ? ጥላው በዕቃ ማስቀመጫው ጎጆ፣ በብስባሹ ክምርና በአንድ መደብ ላይ ብቻ ይወድቃል። መደቡ የማን እንደ ሆነ ሲያዩ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገሙት። አልተለወጠም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በፍራው ኬለር ጥሪ የሕንፃው ነዳፊ መጣች፤ ወጣት ናት። የአቶ ኅሩይን ወረቀት ረዘም ላለ ጊዜ መረመረች።

«ልክ ነው» አለች በመጨረሻ። «እኛ የሰኔን ብቻ ነበር ያየነው። ምን እንዲደረግ ትፈልጋላችሁ?»

አቶ ኅሩይ በዕድሜያቸው ብዙ ፕላን አይተዋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ከፕላን ጋር ተያይዞ ሲመጣ አላዩም። ቀድማ የመለሰችው ትርፍነሽ ናት።

«እኔ ፀሐይ የማገኘው ከሥራ ስወጣ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው» አለች በጀርመንኛ።

«ጠዋት አሥር ሰዓት ከሆነማ ጥላ የለም» አለች ነዳፊዋ ግራ ገብቷት።

«አሥራ ስድስት በያት እንጂ! ሰዓቱንም ከአገር ቤት ይዘሽ መጣሽ?» አሉ አቶ ኅሩይ።

«ጀርመንኛው ያስረሳኛል፣ ጋሼ።» ትርፍነሽ ሰዓቱን በጀርመንኛ ስታርም ሁሉም ሳቁ፤ አቶ ኅሩይም እርሳሳቸውን አንሥተው ፎቁን ወደ ደቡብ አዛወሩት።

ነዳፊዋ አሰበች። «ሊፍቱ መካከል ላይ ስለ ሆነ ይቻላል። ግን ይህች መደብ ትጨልማለች። የማን ናት?»

«የእኔ ናት።»

ትርፍነሽ ወደ አማርኛ ተመለሰች። «ጋሼ! ይህን አውቀው ነው?»

«ቀያሽ አይደለሁ?»

«እንግዲያው እኔ አልስማማም!»

«ዘጠኝ ሰው ከሚጨልምበት አንድ ሰው ይጨልምበት። ይልቅ የማዘጋጃ ቤቱን የአስተያየት ቅጽ አቀብይኝ።»

ቅጹን በእጅ ጋሪው ላይ ዘርግተው ሞሉ። ከስም ቀጥሎ አስተያየቱን የሚሰጡት በምን ማዕረግ እንደ ሆነ የሚጠይቅ መስመር ነበር። በብዙ ቅጽ ላይ ስደተኛ፣ ሠራተኛ፣ ጡረተኛ ሲሉ ኖረዋል። እዚህ ግን ምን ሊጻፍ እንደሚገባ ፍራው ኬለር በጣታቸው አሳዩአቸው፤ አቶ ኅሩይም ቃሉን በጥንቃቄ ጻፉ፦ «ጎረቤት።»

ሃያው ቀን ሳይሞላ የሰሜኑ ዘንጎች አጠሩ፤ የደቡቦቹ ረዘሙ። አቶ ኅሩይ በመደባቸው ላይ ቆመው ሠራተኞቹ ሽቦውን እስኪያጠብቁ ተመለከቱ። ከዚያም ወደ ፍራው ኬለር ዞረው፣ ጥላ የሚወድ ተክል የትኛው እንደ ሆነ ጠየቁ። ሴትዮዋ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ አንዱን እጅ ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ተሻገሩ።