ለፀጋው ለቅሶ የቆመው ሴሎ

አቶ ያርጋል በወጣትነታቸው ሌኒንግራድ ሙዚቃ የተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ከተማቸው ደባርቅ ተመለሱና ሦስት ወጣቶች አስተምረው፣ ራሳቸው አራተኛ ሆነው፣ የሩሲያ አቀናባሪዎችን ኳርቴት፣ ለአራት መሣሪያ የተጻፈ ሙዚቃ፣ መጫወት ጀመሩ። ሁለቱ ልጆች ቫዮሊን፣ እሳቸው ከቫዮሊን ተለቅ የሚለውን ቪዮላ ያዙ። ትልቁን፣ በጉልበት መካከል ቆሞ በቀስት የሚመታውን ሴሎ የሚጫወተው ከጎረቤት ከተማ ከዳባት የመጣው ፀጋው ነበር።

መምህርና ተማሪ በሙዚቃው አይስማሙም። አቶ ያርጋል ፕሮኮፊየቭን ይወዳሉ፤ በጦርነት ዘመን ከሞስኮ ርቆ ሳለ የተራራ ሕዝብ ዜማ ወስዶ የሠራው ኳርቴት እንደ ጭፈራ መሬት ይረግጣል ይላሉ። ፀጋው የሾስታኮቪችን ዝግታ ይመርጣል። ሦስቱ መሣሪያዎች ሲያለቅሱ ሴሎው ከሥር አንድ ድምፅ ይዞ የሚቆይበትን ቦታ ክንዱ እስኪንቀጠቀጥ ይለማመደው ነበር።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዳባት ሲቃረብ እናቱን ሊያወጣ ሄደ። እናቱ ወይዘሮ ወርቄ ተረፉ። እሱን መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ መታው፤ ሬሳውም አልተገኘም።

መንገዱ ሲከፈት ወይዘሮ ወርቄ ደባርቅ መጡ። የልጃቸውን ልብስ ዘራፊ ስለወሰደው ለቅሶው ላይ በእሱ ፈንታ የሚቆም ነገር እንደሌላቸው ተናገሩና ሴሎውን ለመኑ። በከተማው ሌላ ሴሎ አልነበረም። አቶ ያርጋል ራሳቸው ይዘውላቸው ዳባት ሄዱ።

ድንኳኑ መሐል ጋቢ አልብሰው አቆሙት። አንዳንዱ፣ የዘፈን ዕቃ ለቅሶ ቤት ምን ይሠራል ብሎ አጉረመረመ። ወይዘሮ ወርቄ ግን አቶ ያርጋልን አስጠሯቸው።

«ልጄ ሲጫወት አንድም ቀን አልሰማሁት። የእሱን ድርሻ ብቻ ያሰሙኝ።»

አቶ ያርጋል ሴሎውን ይዘው ተቀምጠው ፀጋው ይለማመዳት የነበረችውን ያችን ድምፅ ሳቡ። ዝቅ ያለች፣ ረዥም፣ የትም የማትሄድ ነበረች።

«ይኸው ነው?» አሉ እናትየዋ።

«ይኸው ነው። ሌሎቻችን የምንቆመው በዚህ ላይ ነበር።»

ሙሾ አውራጇ በዚያች ድምፅ ላይ ግጥሟን ጀመረች፤ ሰውም ተነሥቶ ደረቱን መታ። አቶ ያርጋል ክንዳቸው እስኪዝል አላቋረጡም።

ለቅሶው ሲበተን ሴሎውን ሊያነሡ ቢሉ ወይዘሮ ወርቄ እጃቸውን ያዙ።

«አጥንቱ እስኪገኝልኝ እኔ ዘንድ ይቆይ።»

አቶ ያርጋል ቀስቱንም አስረክበዋቸው ወደ ደባርቅ ተመለሱ።

አጥንቱ አልተገኘም። የቀሩት ሦስቱ ያለ ሴሎ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ አንዷ ጎንደር ሄደች፣ ሌላው ወታደር ሆነ። ወይዘሮ ወርቄ ሴሎውን በየቅዳሜው ቅቤ በነካ ጨርቅ ይወለውሉታል። አቶ ያርጋል ሊጠይቋቸው ሄደው የሴሎው ሆድ ከምድጃው ሙቀት የተነሣ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቁን፣ ከእንግዲህም እንደማይጫወት አዩ፤ ጨርቁን ተቀብለው ስንጥቁን ዳር ዳሩን ወለወሉላቸው።