ቤቱ ቢያንስም ቁጥሩ አያንስም

እና መነጽሩን አላወረደም፣ ግንባሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ኮሊኒያሲ የንድፍ ወረቀታችንን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በባዶ ዓይኑ እያነበበ ነው፣ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው፣ እውነት ነው፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ስናመጣለት መነጽር አድርጎ ነበር፣ ሁለተኛውን ጊዜ መነጽሩም አልበቃው ብሎ ወረቀቱን መስኮቱ ጋ ወስዶ ብርሃን ላይ ይዞት ነበር፣ ዛሬ ግን ቁጭ ብሎ፣ እንዲያው ዘና ብሎ። ዝም በይ አንቺ ሴትዮ። ፊትሽን አታብሪ፣ ገና ምንም አላለም።

እንደ አገራችን ወግ ለክብር ወገቤ ላይ የታጠቅሁት ሰሌን ጎኔን ይወጋኛል፣ የእናቴ ነው፣ ለትልቅ ቀብር እንጂ ለቢሮ አላወጣውም ነበር፣ የጨርቅ ሥራ ጓደኛዬ ሜሌናይቴ ናት እሱን ታጠቂ ያለችኝ፣ ስሜን ጠርታ፣ ሱሊየቲ፣ አሮጌውን ሰሌን ሲያይ ልጁ ይፈራሻል አለችኝ፣ ልጁ! ሃምሳ ሊሞላው ነው፣ የፈቃድ ቢሮው ሹም ነው፣ ግን እውነቷን ነው፣ በሕፃንነቱ አፍንጫውን ስጠርግለት የኖርኩት እኔ ነኝ፣ እና አሁን በእሱ አፍንጫ ሥር ተቀምጬ ትንፋሼን ይዣለሁ፣ ዓለም እንዲህ ናት።

ከጎኔ የልጄ ልጅ ኡንጋቴአ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀብራ ተቀምጣለች፣ ተረጋጊ ልጄ። ንድፉን የሠራችው እሷ ናት፣ ኮምፒውተር ላይ፣ መስመር በመስመር፣ የሴቶቹን ቤት፣ ከዛፍ ልጥ የምንሠራውን ጨርቃችንን የምንለጥፍበትን፣ አሮጌውን አውሎ ነፋሱ ጠራርጎት ከሄደ ወዲህ ማንጎ ዛፍ ሥር ነን፣ ዝናብ ሲመጣ ሙጫው ይሟሟል፣ የሁለት ወር ሥራ በሩብ ሰዓት ጭቃ፣ አሁን የእርዳታው እንጨትም ቆርቆሮም መጥቶ ወደብ ላይ ተከምሯል፣ ማህተም ያረፈበት ንድፍ እስከ ዓርብ ቀትር ካላመጣችሁ ለማዶው መንደር ይሰጣል ተብለናል፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ይሮጣል፣ ምነው ዛሬ ብቻ እንዲህ ቸኮለ።

ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ታች ወረደ። መሠረቱ ነው፣ ምሰሶዎቹ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ሳቀብን፣ እማማ፣ በጭንቅላቴ ልቁም እንዴ፣ አለኝ፣ ግማሹ ቁጥር ተዘቅዝቆ ነበራ፣ እኔ ደግሞ የትኛው ነው የተዘቀዘቀው ብዬ ጠየቅሁት፣ በእውነት አልታየኝም ነበር፣ ለእኔ ሁሉም ልክ ነው፣ እኛ እኮ ረጅሙን ጣውላ መሃል አድርገን ፊት ለፊት ነው የምንቀመጠው፣ እኔ ወዲህ፣ ሜሌናይቴ ወዲያ፣ አርባ ዓመት፣ ጨርቁ በመሃላችን እየረዘመ ይሄዳል፣ በየክንዱ ጠርዙ ላይ ቁጥር እንጽፋለን፣ የእኔ ወደ እኔ የዞረ፣ የእሷ ወደ እሷ የዞረ፣ ማንም ማንንም ስንት ደረስን ብሎ እንዳይጠይቅ፣ ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጥኩት ሴትዮ ቁጥር ያወቅሁት ከዚያ ጠርዝ ነው፣ እስከ መቶ፣ ከመቶ ወዲያ ያለውን ፈጣሪ ይቁጠረው። ኡንጋቴአ ደግሞ ዳዴ ያለችው በዚያ ጣውላ ሥር ነው፣ ወረቀት ቢሰጧት ወረቀቱ ማዶ ሌላ ሴት የተቀመጠች ይመስላታል፣ ለእሷም ጻፈችላት። ምን ታድርግ። ኮሊኒያሲ ደግሞ፣ ቢሮ ውስጥ ወረቀት የሚያነብ አንድ ሰው ነው ልጄ፣ እኔ፣ እዚህ ወንበር ላይ፣ አላት።

አገጩን አከከ። ምን ማለት ነው አገጭ ማከክ።

ወደ ቤት ይዛው ሄዳ አንድ በአንድ አዞረችው፣ ከዚያ ሦስቱ ወረቀት በዛ ብላ ቤቱን ሁሉ ጨምቃ በአንድ ገጽ አስገባችው፣ ኮምፒውተሩ ላይ በጣቷ ትዘረጋዋለች፣ ይታያል እኮ እማዬ፣ አዎ ይታያል፣ ታትሞ ሲወጣ ግን ቤቱ ሲያንስ ቁጥሩም አብሮ አንሶ፣ ጉንዳን፣ የጉንዳን ልጅ፣ እና ኮሊኒያሲ መስኮቱ ጋ ቆሞ፣ ይሄ ቁጥር ነው ወይስ ዝንብ አርፎበት የሄደ፣ ቢሮው ሁሉ ሳቀ፣ ያቺ በር ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ እንኳ፣ የእኔዋ ልጅ አንገቷን ደፍታ ወጣች፣ መኪናው ላይ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፣ የሚስቁባት ሰዎች አንድ ቀን ጣውላ ላይ ቁጭ ብለው ቢያዩት፣ ተይ፣ ተይ፣ አሁን አይደለም።

ትናንት፣ አዎ ትናንት፣ ጎደሬ እየላጥኩ ነበር፣ ኡንጋቴአ ስትንሰቀሰቅ ሰማሁ፣ ገባሁ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ታለቅሳለች፣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እያተለቀች፣ ሁለት መቶ ምናምን ናቸው ትላለች፣ አንዱን ስታተልቀው ግድግዳው ላይ ይወጣል፣ ስትገፋው መስኮቱ ውስጥ ይወድቃል፣ መስኮቱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቁጥር ተኝቷል፣ እማዬ አይደርስም፣ በቃ ለማዶዎቹ ይስጡት፣ አለች፣ እኔ ቢላዬን እንደያዝኩ፣ ምን አልሽ፣ ለማን?

ቁጭ አልኩ። አየሁት። ከዚያ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ልጄ፣ ቁጥሩን ለምን ቤቱ ውስጥ አኖርሽው አልኳት፣ ቁጥር የቤቱ አይደለም፣ የአንባቢው ነው፣ እኛ ለሕፃን መጠቅለያ ስንሠራም ለመኳንንት ሠርግ ስንሠራም የጠርዙ ቁጥር ያው አንድ ጣት ነው፣ ጨርቁ አነሰ ብሎ የማን ዓይን ነው የሚያንሰው።

ማልቀሷን አቆመች። እማዬ፣ እስቲ ድገሚው። ደገምኩት። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ማውሱን ይዛ እዚህ ገባች እዚያ ወጣች፣ አለ፣ አለ እኮ፣ ትላለች፣ ለካ ማሽኑ ውስጥ የሚነገርበት ቦታ አለ፣ የቁጥሩን ቁመት ከወረቀቱ ጋር ለካው እንጂ ከቤቱ ጋር አትለካው የሚባልበት፣ ሁሉንም መርጣ አንዴ ነካችው፣ አንዴ! እህል የተበተነላቸው ዶሮዎች ይመስል ሁለት መቶው ቁጥር አንገቱን ቀና አደረገ፣ እኔ ጮህኩ፣ ውጭ ያለው አሳማም ጮኸ፣ ከዚያ ወዲያ ጨዋታ ነበር፣ እኔ በጎደሬ እጄ እጠቁማለሁ፣ ያቺ ግድግዳው ላይ ተቀምጣለች አንሻት፣ ያ ሰውዬ መስመር ረግጧል ወደ ውጭ ይውጣ፣ ራቀብኝ ስትል፣ ቀስት ሳቢለታ፣ ቤቱን በጣቱ ያሳይ፣ እያልኩ።

ጣቱ ቆመ።

ኮሊኒያሲ ጣቱን ወረቀቱ ላይ አቆመ፣ አያነሳውም፣ እማማ፣ ይላል፣ ይሄ በር አራት ሜትር ነው የሚለው? ኡንጋቴአ አንገቷን ሰግጋ አየች፣ ባለፉት ሁለቱ ላይም አራት ነበር፣ አልተነበበም እንጂ፣ አሁን ተነበበ፣ ወይ ጉዴ፣ አጥርተን ጽፈን ራሳችንን አስያዝን፣ የሴቶች ቤት ነው ወይስ መርከብ ልታስገቡ ነው፣ የሰው በር አንድ ሜትር ይበቃዋል፣ አስተካክላችሁ ኑ፣ ይላል፣ ኑ ይላል፣ መቼ፣ ለቀትር ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው፣ ልጅቷ ጆሮዬ ሥር፣ እማዬ ስህተት ነው ልበለው? ትለኛለች።

ስህተት? ተነሳሁ። ሰሌኑ ተንኮሻኮሸ። ኮሊኒያሲ፣ አልኩት፣ ሹም ጌታዬ አላልኩትም፣ እናትህን ለቀብር ያወጣንበትን ቀን ታስታውሳለህ፣ ጨርቋ ስንት ክንድ ነበር፣ ሃምሳ፣ እኔ ራሴ ነኝ የቆጠርኩት፣ የሠራንበት ቤት በሩ ጠባብ ነበር፣ አጥፈን አጥፈን ስናወጣው ቀለሙ መሃል ላይ ተሰነጠቀ፣ አክስትህ ለጨርቁ አለቀሰች፣ የግራውን ጫፍ የያዝከው አንተ ነህ፣ እኛ ጨርቁን ዘርግተን፣ በሁለት ወገን ተሰልፈን፣ ሳይታጠፍ ነው የምናወጣው፣ ወርዱ አራት ሜትር ነው፣ በሩም አራት ሜትር ነው፣ አንድ ሜትር በር ለሰው ይበቃል ላልከው፣ ለሰው ማን ሠራው፣ ለጨርቁ ነው እንጂ።

ቢሮው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ያቺ የበሩ ልጅ እንኳ። አበዛሁት፣ አበዛሁት መሰለኝ፣ የሞተች እናቱን አነሳሁበት፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ እማማ፣ እሺ፣ ግን ይህን ያህል ሰፊ በር ላይ የሚያርፈው ጣሪያ ይሰምጣል፣ ከላይ ምን ይሸከመዋል፣ አለ።

እኔ ይህን አላውቅም። እዚህ ላይ እኔ የለሁም።

ኡንጋቴአ ግን እጆቿን ከጭኖቿ መሃል አውጥታ ብድግ አለች፣ ጣቷን በሩ ላይ አድርጋ ቀስቷን ተከትላ ወጣች፣ ቀስ ብላ፣ ከመስመሮቹ ሁሉ ወዲያ፣ ነጩ ቦታ ላይ፣ እዚህ ተጽፏል ጋሼ፣ አለችው፣ እሱም አነበበው፣ ጮክ ብሎ፣ በባዶ ዓይኑ፣ ከበሩ በላይ ድርብ ጋድም እንጨት፣ ጫፍና ጫፉ ምሰሶ ላይ በብረት ይታሰር፣ ይላል፣ ደግሞ አነበበው፣ ሳቀ፣ የፊተኛው ዓይነት ሳቅ አይደለም፣ ይህንን ሁሉ ጽፈሽ ነበር? ከመጀመሪያውም ነበረ ጋሼ፣ አለች የእኔ ልጅ፣ ዛሬ ነው ያነበብከው።

ዛሬ ነው ያነበብከው! ለሹም! ማን አስተማራት፣ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማን አለ።

መሳቢያውን ከፈተ፣ ማህተሙን አወጣ፣ ቀለሙ ላይ ጫን፣ ጫን፣ እጁ ከፍ አለ፣ ወዴት ነው የሚያወርደው ይህ ሰው፣ ምሰሶዎቹ ላይ፣ ሰባትና ስምንት ላይ፣ ቆይ ልጄ! አልኩ፣ እጁ አየር ላይ ቀረ፣ ቁጥር አትሸፍንብን፣ ወዲያ፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ትንሽ ወደ ቀኝህ፣ ትንሽ ደግሞ ዝቅ፣ እዚያ ጋ፣ አዎ እዚያ፣ እና የፈቃድ ቢሮው ሹም እጁን እኔ ባልኩት ወሰደ፣ እኔ ባልኩት ዝቅ አደረገ፣ ዷ።

ኡንጋቴአ ልትጠቀልለው ነው፣ አትጠቅልይው፣ ያዢ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ፣ ዘርግተን ነው የምንወጣው፣ በዋናው መንገድ፣ በገበያው በኩል፣ እስከ ወደብ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ፣ ቀጥ አድርጊው፣ ቀጥ፣ ከማዶ ያለውም ያንብበው