ከባትሪው በቀጥታ

ከመኪናው በፊት የደረሰው የእህቴ ድምፅ ነው። «ሰባት ቁጥር፣ ሰባት ቁጥር፣ ትሰማኛለህ?» ትላለች ከጋራዡ አጥር ማዶ። እሷ ራሷ ግን በታክሲ ድርጅቱ ቢሮ ተቀምጣ ሾፌሮችን በሬዲዮ እያሰማራች ነበር። የመጣው ባሏ ነው፣ የሰባት ቁጥር ታክሲ ሾፌር። ድምፅዋን በመስኮት እያፈሰሰ ገባና ሞተሩን አጠፋ። ሬዲዮው አልጠፋም። እንዳይጠፋ አድርጌ ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

የተጋቡ ሰሞን ነው። በድርጅቱ ደንብ ሬዲዮ ኃይል የሚያገኘው በመኪናው ቁልፍ በኩል ነው፤ ሞተር ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እሱ ደግሞ ደንበኛ ሲጠብቅ ሞተር አጥፍቶ ይቆማል፤ እህቴ ያኔም እንዲሰማት ፈለገች። ስለዚህ ቁልፉን ዘልዬ ሽቦውን ከባትሪው በቀጥታ ሳብኩት፤ ፊውዝ አስገብቼ፣ በናስትሮ ጠቅልዬ። አለቃዬ «እነዚህ ሙሽሮች ባትሪ ሊጠጡ ነው» እያለ ሳቀብን። ሾፌሩ ሁሉ ስለሚሰማ ወሬያቸው የሥራ ወሬ ነበር፤ ግን «ሰባት ቁጥር፣ ዝናብ እየመጣ ነው» ስትል ጃኬትህን ልበስ ማለቷ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ዛሬ ሽቦውን ወደ ቁልፉ መልሰው አለኝ። ጠዋት ጠዋት ባትሪው እየሞተ አስቸግሮኛል ብሎ። ወትሮ «አማቼ» ሳይለኝ አፉን አይከፍትም፤ ዛሬ ምንም ብሎ አልጠራኝም።

ኮፈኑን ከፍቼ በቴስተር ለካሁ። ባትሪው እንደ በሬ ነው። ስነግረው ዞር ብሎ የጎማ ክምር ያይ ጀመር። ሬዲዮውን በእጁ ቢያጠፋው ለምን አጠፋህ ትለዋለች፤ በቁልፍ ከጠፋ ግን ጥፋተኛው ደንቡ ነው። እናቴ ሹክ ብላኛለች፣ አምሽቶ ይገባል፣ አንዳንዴም አይገባም። እህቴ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትላለች፤ ድምፄ እስከደረሰው ድረስ ልቡ ይመለሳል ብላ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሽቦ እንኳ ተውላት» አልኩት። «የቀራት እሱ ነው።»

«አንተ ብቻ አዙረው።»

እምቢ ብል ሌላ ጋ ይወስደዋል። ከባዕድ እጅ የኔ ይሻላል ብዬ ፒንሳዬን አነሳሁ። ፊውዙን ስነቅል ሬዲዮው ጸጥ አለ። ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜ አሮጌውን ሽቦ ጎተትኩት፤ በሞተር ሙቀት ደርቆ ቅርጹን ይዟል፣ ብዘረጋውም መልሶ ይጠመዘዛል።

ሲያልቅ ሊሞክረው ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ። ሬዲዮው በራ፤ እህቴ እየተናገረች ነበር። ከመቼ ጀምራ እንደሆነ እንጃ። ቁጥሩን ትታዋለች።

«አንተ ሰው» አለች፣ ሾፌር ሁሉ እየሰማት። «አምሽ፣ ግድ የለም። ብቻ ግባ። በሩን ሳልዘጋ ነው የማድ—»

ቁልፉን መለሰው። ድምፅዋ ተቆረጠ። እጄ የሠራው ሥራ እንከን አልነበረውም።

«መልስላት» አልኩት።

መነጋገሪያውን ከመንጠቆው አወረደ። አውራ ጣቱን አዝራሩ ላይ አሳረፈ፤ ቁልፉ እንደጠፋ እያወቀ ትንሽ እንደዚያ ቆየ። ከዚያ መልሶ ሰቀለውና ሞተሩን አስነሳ። ሬዲዮው ሲበራ እህቴ ዝም ብላለች። ከሾፌሮቹም አንድ እንኳ ትንፍሽ ያለ የለም።

እጄን በሩ ላይ እንደጫንኩ መኪናው ከሥሬ ሄደ። ከጋራዡ ሲወጡ ቤታቸውም ሥራውም በቀኝ ነው። እሱ በግራ ታጠፈ።