አሥራ አንድ ዓመት ተጠባባቂ

«‹ተጠባባቂ› የምትለዋ እያለች ነገ አይነበብም» አለች ኩንዳ፣ ወረቀቱን ለሲቾኔ መልሳ እየዘረጋች።

የመዳብ ኩባንያው የአስተዳደር ኃላፊ ሲቾኔ ጫማውን ደጃፍ አውልቆ፣ ወለሉ ላይ በተቀመጡት ለቀስተኛ ሴቶች መሀል ተንበርክኳል። የኩንዳ ታላቅ እህት ሙሶንዳ ካረፈች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ነገ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሟቿን የሕይወት ታሪክ ለኩንዳ ሊያሳያት ነበር የመጣው።

«ፋይሉ ላይ ያለው እሱ ነው፣ እህቴ። ተጠባባቂ የፈረቃ ኃላፊ።»

«ስንት ዓመት?»

ሲቾኔ ወረቀቱን አገላበጠ።

«አሥራ አንድ» አለች አንዲት የቤተ ክርስቲያን ሴት በሹክሹክታ። «የኔ ባል እንኳ ጥሎኝ ሄዶ በሰባተኛው ዓመት ተመልሷል።» ሴቶቹ ከሚያዜሙት መዝሙር ሥር ሳቅ ታፈነ።

ሙሶንዳ የተጠባባቂነት ደብዳቤውን ይዛ የመጣች ዕለት፣ «ለሦስት ወር ብቻ ነው» ብላ ስቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ወንዶች ሥራውን ከእሷ ተማሩ፤ ሦስቱም አልፈዋት ወደ ላይ ወጡ። ስትጠይቅ፣ «ቆፋሪ ለሴት አይታዘዝም» ይሏታል። በማግስቱ የራስ ቁሯን አጥልቃ ወደ ማዕድን ጉድጓዱ ትወርዳለች። ስትጸልይ ሹመት አንስታ አታውቅም፤ የፈረቃዋን ሰዎች ነበር አንድ በአንድ በስማቸው የምትጠራው።

«ልጆቿ ፊት ነው የሚነበበው» አለች ኩንዳ። «አይታዘዙም የተባሉትን ቆፋሪዎች እርስዎ ይጠይቋቸው።»

ወንዶቹ ውጭ የከሰል ምድጃ ከበው ተቀምጠዋል። ከእነሱ መሀል ሽማግሌው ቆፋሪ ባ ካቶንጎ ተጠርተው መጡ፤ ደጃፉ ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የጉድጓዱ ጣሪያ መርገፍ የጀመረ ቀን ‹ውጡ› አለችን፤ ወጣን። ሃያ ሰባት ሰው። ደብዳቤሽን አሳዪን ያለ አልነበረም።» ወደ ሲቾኔ ዞር አሉ። «አለቃችን ማን እንደነበረች ከፋይል ነው የምትነግረን፣ ልጄ?»

ሲቾኔ ከደረት ኪሱ ብዕር አውጥቶ ከወረቀቱ ጋር ለኩንዳ ሰጣት።

«አንባቢው እኔ ነኝ፤ አንቺ እንዳረምሽው አነባለሁ። የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቃሏን በአንድ መስመር ሰረዘቻት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ወይዘሮ ሙሶንዳ ቺሌሼ የፈረቃ ኃላፊ…» ብላ ስታነብ ሴቶቹ ጀርባቸውን አቅንተው ተቀመጡ።

የዐረፍተ ነገሩ የመጨረሻ ቃል «ነበሩ» ይላል። የብዕሩን ጫፍ እሱም ላይ አሳረፈችው፤ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሳትሰርዘው ክዳኑን ገጥማ ብዕሩን ለሲቾኔ መለሰችለት።